"ፈገግ ይበሉ" ሲባል ፊት ለምን ይደነግጣል? የጉርድ ፎቶግራፍ ገጽታ ሲብራራ

ወንበሩ መደገፊያ የለውም። ከፊት ለፊቴ ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል፤ ከጎኑ ጃንጥላ የመሰለ ነጭ የመብራት ማለስለሻ ተዘርግቷል። ፎቶ አንሺዋ በካሜራው አጮልቃ እያየች "ፈገግ ይበሉ" አለችኝ። ፈገግ አልኩ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብላ እስክትጨርስ ግን ከንፈሬ ደክሞት መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ያነሳችውን በካሜራው ስክሪን ላይ ተመለከተችና "አፍዎ ደርሷል፤ ዓይንዎ ገና መንገድ ላይ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያነበብኩት ሁሉ ግን መልሶ የሚወስደኝ ወደዚያች አነጋገር ነው። ከሰው ጋር ሲጫወት ውሎ ሃምሳ ጊዜ ፈገግ የሚል ሰው፣ ካሜራ ፊት ሲቀመጥ የገዛ ፊቱ ለምን አልታዘዝ ይለዋል?

የፊትን ኃይል ለማስረዳት አማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የተቀየመ ሰው "ፊት ነሳኝ" ይላል። የተቆጣው ፊቱን ይቋጥራል፣ ደስ ያለው ፊቱ ይበራል፣ የተሞላቀቀ ልጅ "ፊት ሰጥተውት ነው" ይባላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የተነገረ ቃል የለም። ጉርድ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት ቦታ፣ ባለቤቱ ሳይናገር፣ ፊት የሚሰጥ ወይም የሚነሳ ነገር ነው።

ጉርድ ፎቶግራፍ ስንል የትኛውን ነው?

ስሙ አንድ ቢሆንም ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ለፓስፖርትና ለመታወቂያ የሚነሱት ነው። ሁለተኛው ለሥራ የሚያገለግለው ነው፤ ከሥራ ማመልከቻ ጋር የሚላከው፣ በድርጅት ገጽ ላይ የሚወጣው፣ ተዋናይ ለዳይሬክተር የሚያቀርበው፣ ደራሲ በመጽሐፉ ጀርባ የሚያትመው። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ለሁለተኛው ፎቶ የመጀመሪያውን ፊት ይዞ ስለሚመጣ ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

የፓስፖርት ፎቶ ደንብ የሚመነጨው ከዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 9303 ተብሎ ከሚታወቀው ሰነድ ነው። ሰነዱ የሚፈልገው ስሜት የማይታይበት፣ አፉ የተዘጋ፣ ዓይኑ የተከፈተ ፊት ነው። ምክንያቱ ማኮሳተር አይደለም። ሰው ሲስቅ ጉንጩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ዓይኑ ይጠባል፣ አፉ ይሰፋል። በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ መካከል ያለውን ዝምድና እየለካ ፊትን ከፊት ጋር ለሚያመሳክር ኮምፒውተር ደግሞ ይህ ሁሉ እንቅፋት ነው። የፓስፖርት ፎቶ የሚመልሰው ጥያቄ "ይህ ሰው ማነው?" የሚለውን ነው። የሥራ ፎቶግራፍ ግን "ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ለዚህኛው ጥያቄ ስሜት የሌለበት ፊት መልስ ሳይሆን ዝምታ ነው። ዝምታውን ደግሞ ተመልካቹ በመሰለው ይሞላዋል።

ሰው ፎቶዬን አይቶ ለመፍረድ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

እ.ኤ.አ. በ2006 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የማይታወቁ ሰዎችን ፊት ለተሳታፊዎች አሳዩ። አንዳንዱ ፎቶ በስክሪኑ ላይ የቆየው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ሰከንድ፣ ሌላው ደግሞ አንድ ሙሉ ሰከንድ ቆየ። ተሳታፊዎቹ ይህ ሰው ይታመናል ወይ፣ ችሎታ ያለው ይመስላል ወይ፣ ይወደዳል ወይ፣ ጠበኛ ነው ወይ እየተባሉ ተጠየቁ። በአንድ አሥረኛ ሰከንድ የተሰጠው ፍርድ ጊዜ ሳይገደብላቸው ሌሎች ሰዎች ከሰጡት ፍርድ ጋር በእጅጉ ተመሳሰለ። ጊዜ ሲጨመርላቸው በዋናነት የጨመረው በፍርዳቸው ላይ ያላቸው እርግጠኝነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በተሳሳተ መንገድ እንዳይያዝ። ጥናቱ ሰዎች በፍጥነት እንደሚፈርዱ አሳየ እንጂ ፍርዳቸው ትክክል ነው አላለም። እንዲያውም ቶዶሮቭ ከጄኒ ፖርተር ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ሌላ ሥራ የአንድ ሰው የተለያዩ ፎቶዎች ፍጹም የተለያየ ፍርድ እንደሚያሰጡ ታይቷል። ያው ሰው በአንዱ ፎቶ ታማኝ፣ በሌላው ተንኮለኛ መስሎ ይወጣል። "ፊቴ እንዲህ ነው፣ ምን ላድርግ?" ለሚል ሰው ይህ የምሥራች ነው። አጥንቱ አይለወጥም፤ በአጥንቱ ላይ የሚሆነው ነገር ግን በየሰከንዱ ይለወጣል።

ተመልካቹ በዚያች ቅጽበት የሚጠይቀው ምንድን ነው? ቶዶሮቭና ኒኮላስ ኦስተርሆፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ፊት ላይ የምናነባቸው ብዙ ባሕርያት ተጠቃልለው ሁለት ይሆናሉ። አንደኛው ይህ ሰው ለእኔ በጎ ያስባል ወይስ ክፉ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ያሰበውን ለማድረግ አቅሙ አለው ወይ? ይላል። ማንኛውም የሥራ ፎቶግራፍ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚደረግ ድርድር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈገግታው ሲበዛ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ተገኘ፣ ሁለተኛው ግን ሊጎድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሸማቾች ባሕርይ ላይ የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ጥርስን ገልጦ በሰፊው የሚስቅ ሻጭ ለዘብ አድርጎ ፈገግ ከሚለው ይልቅ ተግባቢ፣ ነገር ግን ችሎታው ዝቅ ያለ መስሎ ታይቷል። ስለዚህ "ጥርስ ይታይ ወይስ አይታይ?" ለሚለው የዘወትር ጥያቄ አንድ መልስ የለም። የሕፃናት ሐኪምና የወንጀል ጠበቃ አንድ ዓይነት ፊት ይዘው እንዲወጡ የሚያስገድድ ሕግ አላየሁም።

እውነተኛውና የይምሰሉ ፈገግታ በምን ይለያያሉ?

"ጥርስ ባዳ ነው፣ እየሞቱ ይስቃል" ይባላል። ይህን አባባል በመብራትና በሽቦ የፈተሸው ሰው ጊዮም ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ የነርቭ ሐኪም ነው። ዱሼን የሰዎችን ፊት በኤሌክትሪክ እየነካ አንድ አንዱን ጡንቻ ለብቻው እንዲኮማተር ያደርግ፣ ውጤቱንም በፎቶግራፍ ያስቀር ነበር። በብዛት የሚታየው ፊቱ ላይ ስሜት የደነዘዘበት አንድ አዛውንት ነው፤ በዚህ ምክንያት የኤሌክትሪኩ ንክኪ ሕመም አልነበረውም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1862 ታተመ። ቻርልስ ዳርዊን ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ ስሜት መግለጫዎች ሲጽፍ ከእነዚሁ ፎቶዎች ተጠቅሟል።

ዱሼን ያየው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በፈገግታ ጊዜ ሁለት ጡንቻዎች ይሠራሉ። አንደኛው ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ እስከ አፍ ጥግ የሚደርሰው ነው፤ ሲሸበሸብ የከንፈርን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ጎን ይጎትታል። ሁለተኛው ዓይንን እንደ ቀለበት የከበበው ነው፤ ሲጠብ ጉንጭን ያነሳል፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ያሳብጠዋል፣ በዓይን ጥግ ላይ ትናንሽ መስመሮችን ያወጣል። የመጀመሪያውን ማንም ሰው በትእዛዝ ያንቀሳቅሰዋል። ሁለተኛው ግን፣ በዱሼን አስተያየት፣ ለፈቃድ አይታዘዝም፤ የሚነሳው ልብ ሲነሳ ነው። ዛሬ ሁለቱም አንድ ላይ የሚታዩበት ፈገግታ በስሙ "የዱሼን ፈገግታ" ይባላል። ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ1978 የፊትን እንቅስቃሴዎች በቁጥር ሲመዘግቡ ጉንጭ የሚያነሳውን 6፣ የከንፈርን ጥግ የሚጎትተውን 12 ብለውታል። የፎቶ አንሺዋ "ዓይንዎ ገና መንገድ ላይ ነው" ማለት እንግዲህ 12 ቁጥር መጥቶ 6 ቁጥር ቀርቷል ማለት ነበር።

መንገዳቸው ለምን ተለያየ? ከአንጎል ወደ ፊት የሚመጣው ትእዛዝ መነሻው አንድ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሆን ብለን የምናደርገው እንቅስቃሴ እጅንና ጣትን ከሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ይወርዳል። ከስሜት የሚነሳው ደግሞ ከጥልቅ የአንጎል ክፍሎች በሌላ መስመር ይመጣል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑት አንዳንድ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ሕሙማን ናቸው። ሐኪም "ፈገግ በል" ሲለው ከፊቱ ግማሹ የማይንቀሳቀስ ሰው፣ ቀልድ ሲሰማ ሙሉ ፊቱ ይስቃል። ተቃራኒውም አለ፤ በትእዛዝ ፈገግ ይላል፣ ቀልዱ ሲመጣ ግን አንዱ ጎኑ ቀርቶ ይቀራል። ሁለት በር ያለው ቤት አድርገን ብናስበው ይቀላል። ካሜራ ፊት ስንቀመጥ አንደኛውን በር እናንኳኳለን፤ እንግዳው የሚወጣው ግን በሌላኛው ነው።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላቀልለው አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ከዱሼን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ሰዎች የዓይን ጡንቻቸውንም ሆን ብለው ማንቀሳቀስ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ስለዚህ በዓይን ጥግ ያሉ መስመሮች የቅንነት ማኅተም አይደሉም፤ ጥሩ ተዋናይም ያወጣቸዋል። ለተመልካች ግን ሁለቱ አንድ ላይ የታዩበት ፊት ሞቅ ያለ መስሎ ይታያል፤ ለፎቶግራፍ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

"ቺዝ በሉ" ማለት ለምን አይሠራም?

ይህን ለማስረዳት የፊደል ገበታችን ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል። ሳልሱን ድምፅ ይሞክሩት፤ ሂ፣ ሊ፣ ሚ። አፍ ወደ ጎን ይለጠጣል። አሁን ካዕቡን፤ ሁ፣ ሉ፣ ሙ። ከንፈር ይሞጠሙጣል። "ቺዝ" የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል የተመረጠው ሳልስ ስለሆነ ብቻ ነው፤ አፍን ለጥጦ ጥርስን ያሳያል። ችግሩ ሳልስ ሥልጣኑ ከአፍ አይዘልም። ዓይን ምንም አልሰማም። ከዚያም በላይ ቃሉ ረዘም ብሎ ሲያዝ ከንፈር ወደ ታች መሳብ፣ የአንገት ጅማቶች መገተር ይጀምራሉ።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ከልብ የመጣ ፈገግታ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ እስከ አራት ሰከንድ ቢቆይ ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብሎ ለመቁጠር ብቻ ሦስት ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ሰውየው "አንድ" ሲባል ከልቡ ፈገግ ቢል እንኳ "ሦስት" ሲባል የሚቀረው ቅርፊቱ ነው። ቆጠራ ለሩጫ ውድድር ጥሩ ነው።

ታዲያ በድሮ ፎቶዎች ላይ ሰዎች የማይስቁት ለምን ነበር?

አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ "ጥርሳቸው መጥፎ ስለነበረ" የሚል ነው፤ ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ግን አይደለም። የፎቶግራፍ ሥራ ለሕዝብ ይፋ በሆነበት በ1839 እ.ኤ.አ. ምስሉ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ጊዜው ወደ ሰከንዶች ቢወርድም ተነሺው እንዳይወዛወዝ ከጭንቅላቱ በስተኋላ የብረት መደገፊያ ይደረግለት ነበር። ፈገግታን ለዚያን ያህል ጊዜ ይዞ መቆየት አይቻልም። የኮስተር ፊት ግን ይቆያል። በዚያ ላይ ፎቶግራፍ የወረሰው የሥዕልን ወግ ነው፤ ለሥዕል የሚቀመጥ ባለጸጋ ሲስቅ መሣል አይፈልግም።

ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1888 ለማንም ሰው የሚሆን ቀላል ካሜራ ለገበያ ሲያቀርብ ፎቶ መነሣት የዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ሥነ ሥርዓት መሆኑ እየቀረ ሄደ። ፊትም እያደር ተፈታ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበ ጥናት ይህን በኮምፒውተር ለክቶታል፤ ከ1905 እስከ 2013 ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምረቃ መጽሔቶች የተሰበሰቡ 37,921 ፎቶዎችን መርምሮ የከንፈር ጥግ ኩርባ በእነዚያ አሥርተ ዓመታት ውስጥ እንዴት እየጨመረ እንደመጣ አሳየ። ዛሬ "ተፈጥሯዊ" የምንለው የፎቶ ፈገግታ ከቅድመ አያቶቻችን ጊዜ ወዲህ የተለመደ ነገር ነው።

ዓይኔን ምን ላድርገው?

ካሜራ ሲያዩ ብዙ ሰዎች ዓይናቸውን ከልክ በላይ ይከፍታሉ። "እንዳልጨፍን" ከሚል ስጋት ነው። ውጤቱ ግን የደነገጠ ሰው ፊት ነው፤ ስንፈራ የላይኛው ቆብ ከፍ ብሎ ነጩ የዓይን ክፍል ይገለጣልና። ፒተር ኸርሊ የተባለው የኒው ዮርክ ጉርድ ፎቶ አንሺ ለዚህ መፍትሔ ብሎ ያስተዋወቀው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ቪዲዮ በሰፊው ታውቋል። የታችኛውን ቆብ ብቻ በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ነው፤ የላይኛው ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ሩቅ ያለን ጽሑፍ ለማንበብ ዓይንን ጠበብ ስናደርግ የሚሆነውን ያስታውሱ፣ ከዚያ ግማሹን ይተዉት። የሚያስገርመው ይህ እንቅስቃሴ የዱሼን ፈገግታ በዓይን ላይ ከሚያመጣው ለውጥ ጋር ይቀራረባል። ዘዴው የሚሠራው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከልብ ባይመጣም ከልብ የሚመጣው የሚያልፍበትን መንገድ ይከተላል። ሲበዛ ግን ተጠራጣሪ ያስመስላል፤ በመስታወት ፊት ልኩን መለማመድ ያስፈልጋል።

በዓይን ብሌን ላይ የምትታየው የብርሃን ነጥብም ቀላል አይደለችም። መብራቱ ወይም መስኮቱ በዓይን ውስጥ ሲንጸባረቅ ዓይን ሕያው ይመስላል። ነጥቧ ስትጠፋ፣ የተነሣው ሰው ከልቡ ቢስቅ እንኳ፣ ፊቱ የደከመ ይመስላል። ፎቶ አንሺዎች መብራቱን ከዓይን ከፍታ ትንሽ ወደ ላይ የሚሰቅሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መጨፈንን በተመለከተ ግን መጨነቅ ለፎቶ አንሺው ይተው። ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ኒክ ስቬንሰንና ፒየርስ ባርነስ የተባሉ አውስትራሊያውያን ለቡድን ፎቶ ስንት ጊዜ ማንሳት እንደሚገባ አስልተው እ.ኤ.አ. በ2006 አስቂኝ ለሚመስሉ ምርምሮች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሃያ ለማይሞሉ ሰዎች፣ ብርሃን በቂ ሲሆን፣ የሰዎቹን ቁጥር ለሦስት ማካፈል ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች ካሉ አራት ጊዜ ማንሳት ማለት ነው። ለአንድ ሰው ፎቶ ደግሞ መፍትሔው ደጋግሞ ማንሳት ብቻ ነው።

ፊቴን ሳላንቀሳቅስ ገጽታዬ ሊለወጥ ይችላል?

ይችላል፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ ያስገረመኝ ክፍል ነው። ዛካሪ ዊትካወርና ጄሲካ ትሬሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ምንም ስሜት የማይታይበትን ፊት ወስደው ጭንቅላቱን ብቻ ጥቂት ወደ ታች አዘነበሉት። አንድም የፊት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም። ሆኖም ተመልካቾች ሰውየውን ይበልጥ ኃይለኛና አስፈሪ አድርገው አዩት። ምክንያቱ ቅንድብ ነው። ጭንቅላት ሲያዘነብል ቅንድቦቹ ከካሜራው በኩል ሲታዩ ወደ አፍንጫ የወረዱ፣ ማለትም የተቋጠሩ ይመስላሉ። ሰውየው ግንባሩን አልቋጠረም፤ ማዕዘኑ ቋጠረለት።

ይህ በስቱዲዮ ውስጥ በየዕለቱ ችግር ይፈጥራል። "አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ" የተባለ ሰው መላ ጭንቅላቱን ይደፋና ይኮሳተራል። "ከፍ ያድርጉ" ሲባል ደግሞ አፍንጫው ተነሥቶ ሰውን የሚንቅ ይመስላል። የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ግንባርን ወደ ካሜራው ጥቂት ማስጠጋት፣ ከዚያ አገጭን ትንሽ ዝቅ ማድረግ። ለሚያደርገው ሰው እንደ ዔሊ አንገት ማውጣት ሆኖ ይሰማዋል፤ ከፊት ለፊት ለሚያየው ግን የመንገጭላው መስመር ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከአገጭ በታች ያለው እጥፋት ይጠፋል።

ርቀትም እንዲሁ ፊትን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፊት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ስሌት ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የተነሣ ፎቶ የአፍንጫን ስፋት ከ1 ሜትር ተኩል ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ ገልጿል። እጅ ዘርግቶ ራስን በስልክ ማንሳት እንግዲህ ይህ ነው። ባለሙያዎች ራቅ ብለው ከ85 እስከ 135 ሚሊ ሜትር በሚደርሱ ሌንሶች የሚያነሱት ለዚሁ ነው።

ሌሎች "ያምርብሃል" የሚሉኝ ፎቶ ለእኔ የሚያስጠላኝ ለምንድን ነው?

መጀመሪያ መስታወት ይወቀስ። ራሳችንን የምናውቀው በመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ቀኙን ወደ ግራ ያዞራል። የማንም ሰው ፊት ሁለቱ ጎኖች እኩል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ ሙከራ ለሰዎች የራሳቸውን ፎቶ በሁለት መልክ፣ በቀጥታና በመስታወት መልክ ተገልብጦ፣ አሳየ። ባለቤቶቹ በአብዛኛው የተገለበጠውን መረጡ፤ ጓደኞቻቸው ቀጥተኛውን። እያንዳንዱ የለመደውን ወደደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፎቶ የሚያስቀረው ጊዜ ማጠሩ ነው። በሕይወት የምናውቀው ፊት የሚንቀሳቀስ ፊት ነው። በስቱዲዮ ግን የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ የሚዘጋው በሰከንድ 1/200ኛ አካባቢ ነው። ከአንድ ቃል አጋማሽ የተቆረጠ ድምፅ ለብቻው ቢሰማ ምን ይመስላል? ፊትም ከአንዱ ስሜት ወደ ሌላው ሲሻገር መሐል ላይ ቢያዝ እንዲሁ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያንኑ ሰው በቪዲዮና ከቪዲዮው በተወሰዱ የቆሙ ምስሎች እያሳዩ ሲያነጻጽሩ፣ የሚንቀሳቀሰው ፊት ይበልጥ አምሮ ታይቷል። አሥር ጥሩ ያልሆኑ ፎቶዎች ስለ መልክ ምንም አይናገሩም፤ መዝጊያው መንገድ ላይ አገኘ ማለት ብቻ ነው።

ባለሙያ ታዲያ ፈገግታውን ከየት ያመጣዋል?

ከትእዛዝ ሳይሆን ከወሬ። ልምድ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች ዓይን እንዲጨፈን አድርገው በድንገት ያስከፍታሉ፣ ትንፋሽ በአፍ እንዲወጣ ያዛሉ፣ ከንፈርን እንደ ፈረስ ያስነፋሉ። ይህ ሁሉ የተቋጠረ ጡንቻን መፍቻ ነው። ዋናው ግን ተነሺው ካሜራውን የሚረሳበትን አንዲት ቅጽበት መፍጠር ነው። ቅጽበቷ ብዙውን ጊዜ ሳቁ ራሱ አይደለችም፤ በሳቅ ጊዜ አፍ ይከፈታል፣ ዓይን ይጠፋል። የምትፈለገው ሳቁ ሲወርድ ያለችው ናት፤ አፍ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ዓይን ውስጥ ግን ሙቀቱ ገና አልወጣም።

የእኔዋ ፎቶ አንሺ መብራቱን የምታስተካክል መስላ ዞር አለችና "መጀመሪያ ፎቶ ሲነሱ ያስታውሳሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። አስታወስኩ። ልጅ ሆነን ለቤተሰብ ፎቶ ስንደረደር ታላቅ ወንድሜ ከጀርባዬ ቆንጥጦኝ ነበር፤ በዚያ ፎቶ ላይ እኔ አፌን ከፍቼ እያለቀስኩ፣ እርሱ እንደ መልአክ ቆሟል። ይህን ስነግራት ሳቄ መጣ። ከሳቄ ስመለስ መዝጊያው ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ ሰማሁ። ወደ ካሜራው መመለሷን አላየሁም ነበር።

ፎቶው ከተነሣ በኋላስ?

ማስተካከል እዚህ ላይ ብዙ ያበላሻል። የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ቆዳን ሲያለሰልስ መጀመሪያ የሚያጠፋው በዓይን ጥግ ያሉትን መስመሮችና ከታችኛው ቆብ ሥር ያለውን እብጠት ነው። እነዚህ ደግሞ ቀደም ብለን እንዳየነው ዓይን በፈገግታው መሳተፉን የሚመሰክሩ ናቸው። ብጉር ይጥፋ፣ እሱ ነገ የለም። መስመሮቹ ሲጠፉ ግን ፈገግታው ከፊት ግማሽ በታች ብቻ ይቀራል፤ በስንት ልፋት የተገኘው እውነተኛ ፈገግታ ተመልሶ የይምሰል ይሆናል።

ከዚያ ምርጫ ይመጣል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ዋይትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ከራሳቸው አሥራ ሁለት ፎቶዎች መካከል ለሥራና ለማኅበራዊ ገጽ የሚሆኑትን መረጡ፤ ከዚያም የማያውቁት ሰው ፎቶ መረጡ። ምርጫዎቹ ለሌሎች ተመልካቾች ሲቀርቡ የተሻለ ስሜት ያሳደሩት ባዳ የመረጣቸው ሆኑ። የገዛ ፊታችንን ከልክ በላይ ስለምናውቀው እንደ እንግዳ ልናየው አንችልም፤ ፎቶውን የሚያየው ደግሞ እንግዳ ነው።

እኔም ከአርባ ፎቶዎች ሰባተኛውን መርጬ ነበር። ፊቴ ቀጥ ያለ፣ ሁለቱ ጎኖች የተመጣጠኑ፣ አንገትጌዬ የተስተካከለ። ለሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉንም ልኬ የእኔን ምርጫ ሳልነግራቸው ጠየቅኋቸው። ሦስቱም፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ፣ ሠላሳ አንደኛውን መረጡ፤ ወንድሜ የቆነጠጠኝን ካወራሁ በኋላ ከተነሡት ሦስቱ አንዱን። ግራ ጉንጬ ከቀኙ ከፍ ብሏል፣ አንገትጌዬም ተጣሟል። ልሰርዘው ምልክት አድርጌበት ነበር። ምልክቱን አነሣሁና ላክሁት።